ከመሳሳማቸው በፊት የወረዱት ሴት

ከባሕር ዳር በተነሣው አውቶቡስ ከወጣቷ ልዕልት አጠገብ የተቀመጡት ሴትዮ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል። ሐዘኑ ቅርብ መሆኑ ከተላጨው ራሳቸው ያስታውቃል።

ከፊት በተሰቀለው ቴሌቪዥን የአንዲት ሯጭና የአሠልጣኟ ፊልም ይታያል። ፊልሙ ከጀመረ ሁለቱ እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካኩም። ሐሙሲት ሲታለፍ አሠልጣኙ ተንበርክኮ የልጅቷን የቆሰለ እግር በለብታ ውኃ ያጥብ ጀመር። ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ታየዋለች። ልዕልት ፊቷን ሞቃት።

«አይስማትም እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ።

«ምን አስቸኮለው» አሉ ሴትዮዋ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ወደ ልዕልት ዘንበል ብለው፣ «የኔም ሰውዬ ከሩዝ ማሳ ስመለስ እግሬን ያጥበኝ ነበር፤ ሰው እንዳይስቅበት በሩን ዘግቶ። ጣቶቼን እያንዳንዷን ቀስ አድርጎ። እስኪጨርስ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኝ ነበር» አሏት።

ወረታ ሲደርሱ አውቶቡሱ ቆመ፤ ረዳቱም የሴትዮዋን ዕቃ ለማውረድ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ተነሡ።

«ሊሳሳሙ ነው እኮ እማማ፣ ይችን ይዩና ይውረዱ» አለች ልዕልት።

«እኔ የወደድሁት አልፏል፣ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ወረዱ።