ለመሐንዲሶች ንግግር ያስተማርኩባቸው ቅዳሜዎች

በደርግ ጊዜ ናዝሬት የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ሰባ ሰማንያ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ስጮህ እውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አለ፤ እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ። ርዕሰ መምህራችን ቢሮው ጠርቶ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ እንደተመደበልኝ ሲነግረኝ፣ ሳይጋብዘኝ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

በወለንጪቲ መንገድ ላይ ባለ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ጥናት የሚሠሩ አምስት ወጣት መሐንዲሶች ነበሩ። ጥናታቸውን በሠራተኞቹና ከአዲስ አበባ በሚመጡ መምህሮቻቸው ፊት ማቅረብ አለባቸው። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሲያቀርቡ አዳራሹ ሙሉ ሰው አንቀላፍቶ ነበር አሉ።

«ንግግር የሚያስተምር ሰው ስጡን ብለውናል፤ አንቺን መደብኩ» አለኝ።

«እኔ የማስተምረው ሰዋስው ነው።»

«ሁለቱም በአፍ ነው» ብሎ ወረቀቱን ፈረመ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ በአንድ እየተነሱ ስለ ጥናታቸው እንዲናገሩ ጠየቅኳቸው። ሁሉም በአብዮታዊ ሰላምታ ጀመሩ፤ በሬዲዮ ቃላት ትንሽ ሄዱና ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ቁጥር ማንበብ ያዙ። ሦስተኛው ላይ እኔንም እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት ክፍሉ ዝም ሲል ነው። አፈርኩ፤ እነሱ ግን ከእኔ የበለጠ አፈሩ።

የመጨረሻው የቦሰት ገበሬ ልጅ ነበር። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ቃል ሲመርጥ ስለሚዘገይ ጓደኞቹ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱለታል። ተራው ሲደርስ ሦስት መስመር አነበበና ተቀመጠ። ስንወጣ አስቆምኩት።

«ጥናትህ ምን ላይ ነው?»

«ቦይለሩ ላይ ነው፣ መምህር፤ ለፋብሪካው እንፋሎት የሚያፈላው ጋን።»

«ምን አገኘህበት?»

ወረቀቱን ሊያወጣ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ።

«ተወው። ለእናትህ እንደምትነግራት አድርገህ ንገረኝ» አልኩት። ሌላ ገጽ የመስማት አቅም ስላልነበረኝ ነው እንጂ የማስተማር ዘዴ ብዬ አይደለም።

ቦርሳውን ዘጋ። «እናቴ ሻይ የምታፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ነገር ጋግሯል፤ ከውሃችን ነው። የቦይለሩም ቧንቧዎች እንደዚያው ጋግረዋል። ውሃው ብረቱን ማቀዝቀዝ አልቻለም፤ ብረቱ እየጋለ ነው። አንድ ቀን ይፈነዳል። እሳት የሚያነዱት ሰዎች ደግሞ የሚቆሙት ፊት ለፊቱ ነው።»

«ይሄን ለማን ነገርክ?»

«ሪፖርቴ ላይ አለ። አርባ ሦስተኛው ገጽ።»

ከዚያ ወዲያ ወረቀት ከለከልኳቸው። የፋብሪካውን ዘበኛና የሻይ ክበቡን ሴቶች ለምኜ አስቀምጬ ለእነሱ እንዲያስረዱ አደረግኩ። ሴቶቹ ያልገባቸውን «አልገባንም» ይላሉ፤ ልጆቹም ላብ በላብ ሆነው ከሀ ይጀምራሉ። ለገበሬው ልጅ ያወጣሁት ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስለትም።

ሊያቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። «መምህር፣ የፋብሪካው ካድሬ ይኖራል። ቦይለሩ ይቁም ልበል?»

እኔ በቀበሌ ስብሰባ ከኋላ ተቀምጬ ሲጨበጨብ የማጨበጭብ ሰው ነበርኩ። «እኔ ልወስንልህ አልችልም» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ያን ቀን የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንዳስተማርኩ አላውቅም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያለ ሰላምታውና ያለ መፈክሩ ከእናቱ ማንቆርቆሪያ ጀመረ። መሀል ላይ አንድ ቃል ጠፋውና በኦሮምኛ ተናገረው፤ ከኋላ የተቀመጡ አንድ የቦይለሩን እሳት የሚያነዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ መለሱለት። ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የሚያንቀላፋ አልነበረም።

ካድሬው ተነሳ። «ጓድ፣ ምርት ይቁም ነው የምትለን?»

ልጁ ቃሉን ይመርጥ ጀመር። ረዘመበት፤ እኔ ራሴ ልጨርስለት ምንም አልቀረኝም። ጓደኞቹ ግን አልተነፈሱም።

«አዎ» አለ። «ለሦስት ቀን። ቧንቧዎቹ እስኪጠረጉ።»

ሽማግሌው ተነሱ። «እኔም ብረቱ ሲጮህ ስሰማ ከርሜያለሁ። ያልተናገርኩት ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።»

ያን ቀን ማንም ውሳኔ አልሰጠም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦይለሩ ቆሞ ተከፈተ። ሽማግሌው ከቧንቧው የተፋቀውን ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርፊት በጋዜጣ ጠቅልለው ለማየት ለፈለገ ሁሉ ያሳዩ ነበር። እኔ ደግሞ ተማሪዬ ለምን በአብዮታዊ ሰላምታ እንዳልጀመረ እንዳስረዳ ተጠራሁ። ከፍርሃት የተነሳ ረስቶት ነው አልኩ። ግለ ሂስ ጻፊ ተባልኩ፤ ጻፍኩ።

ልጁ ዲግሪውን አገኘ። ወዲያው ሩቅ ቦታ መደቡት፤ ሹመት ይሁን ቅጣት ለማናችንም ግልጽ አልነበረም። ሊሰናበተኝ የመጣው በእረፍት ሰዓት ነው።

«እዚያ ሠራተኞቹን አስተምር ተብያለሁ» አለ። «መምህር፣ እርስዎ ድምፅዎ ሲደክም ምን ያደርጋሉ?»

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ጥቂት እቀመጣለሁ» አልኩት። «አንተም ተቀመጥ። እስክትነሳ ይጠብቁሃል።»