ሁለት ዲስክና አንድ ኩርፊያ

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጠችና እየቀጠለች ስለምትኖር ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲያወራ ቃሉን ከአፉ ላይ ስለምትቆርጥበትም ነው። «እንዴት አ...» ሲሏት «ደህና ነኝ፣ ምን ፈለጋችሁ?» ብላ ሰላምታውን ራሷ ትጨርሰዋለች። ክፉ ሴት ናት ለማለት አይደለም። ደግነቷ እስኪገለጥ ድረስ ግን መታገሥ ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ሥራ አለው።

ከወንድሟ ጋር ለዓመታት አንድ ስቱዲዮ ነበራቸው። እሱ ካሜራ ይዞ ይዞራል፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ያመጣውን ታስተካክላለች። ከዚያ ተጣሉ። እሷ «ስቱዲዮውን ተደብቆ በራሱ ስም አደረገው» ትላለች፤ እሱ «ደንበኛ ፊት እንደ ተላላኪ አዋረደችኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ብቻ ዕቃ ሲካፈሉ ያየ ሰው ድጋሚ ዘመድ ባይኖረው ይመርጣል፤ የመብራት ገመድ ሳይቀር በሜትር ለክተው ቆርጠዋል።

ከሁሉ የባሰው የሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ነገር ነው። ባንድ ቀን ካንድ ሱቅ የተገዙ መንትዮች ናቸው፤ አንዱ ላይ ያለው ሁሉ ሌላውም ላይ አለ። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ታስቦ ነው። አእምሮ ያለው ሰው አንድ አንድ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። መቀስ ግን የቤቱን አከራይ ምስክር አድርጋ አቆመችና፣ «እኔ የርስዎን ከኔ ዲስክ ላይ አጠፋለሁ፣ እርስዎም የኔን ያጠፋሉ። አንዲት ምስል ብትቀር ፍርድ ቤት ነው የምንገናኘው» አለችው ወንድሟን። ከተጣሉ ወዲህ አንቱ ነው የምትለው፤ ለማክበር እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። በዚያው ቀን የእሱን በሙሉ አጠፋች፤ አላመነታችም፣ እንዲያውም ደስ ብሏታል። እሱም «አጠፋሁ» ብሎ ላከባት።

እሷ ዲስክ ላይ ከቀረው ሁሉ የምትሳሳለት የልጇ ፎልደር ነበር። ልጅቷ ከመዳህ ጀምሮ ያደገችው ስቱዲዮው ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር ነው። መቀስ ሥራ ሲሰለቻት የወንድሟን ካሜራ አንስታ ወደ ልጇ ታዞረው ነበር። ኋላ ከባሏ ስትለያይ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ሄደች፤ አሁን ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ ከእናቷ ጋር በስልክ ከሰላምታ ያላለፈ ወሬ የላትም። በቀደም ግን ከሰላምታው አለፈ።

«አንቺ የሰው ሰርግ ስታሳምሪ ነው ያደግኩት» አለቻት ልጅቷ። «አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለሽ አላየሽኝም።»

«አላየሁሽም? እኔ? ቅዳሜ ነይና ማየቴንና አለማየቴን አሳይሻለሁ!» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ወዲያው ዲስኩን ሰካችው። ዲስኩ «ቋ... ቋ... ቋ» አለና ዝም አለ። ነቅላ ሰካችው። «ቋ... ቋ»። ሰደበችው። በመዳፏ መታችው። ሰካች፣ ነቀለች፣ ሰካች። እልህ ከያዛት ማቆም አታውቅም፤ ዲስክ ደግሞ እልኸኛ አይፈራም።

ሰፈሩ «ሐኪም» የሚለው ዲስክ ጠጋኝ ጆሮውን አስጠግቶ አንዴ አዳመጠና ነቀለው። «ስንት ጊዜ ሰካሽው?» አላት።

«አንተን አይመለከትህም። ይወጣል አይወጣም?»

«ውስጡ እንደ ሳህን የሚሽከረከሩ ነገሮች አሉ፣ መረጃው እነሱ ላይ ነው። የሚያነቡት መርፌዎች ናቸው የሞቱት። መርፌ ከሌላ ዲስክ አውጥቼ መግጠም እችላለሁ። ግን አብሮት የተመረተ መንትያ መሆን አለበት፤ የሌላ አይገጥምም። ከየት ታመጫለሽ?»

ከየት እንደምታመጣ አሳምራ ታውቃለች። ሐኪሙን ተራገመች፣ ፋብሪካውን ተራገመች፣ ሄደች።

ወንድሟ ስቱዲዮው በር ላይ ስትቆም አይቶ ከወንበሩ አልተነሳም። «ምን እግር ጣለሽ?»

«ዲስክዎን ፈልጌ ነው። ተከፍቶ መርፌው ይወጣል፤ አይመለስም።»

«ያንቺው ሞተ?» ፊቱ ላይ ደስታ ቢጤ ብልጭ አለና ጠፋ። «የልጅቷስ ቪዲዮ?»

እሱም አብሮ ሞተ ብትለው ምን ነበረበት? ግን እሱ ፊት የተሸነፈች መስላ ከምትታይ ምድር ብትውጣት ትመርጣለች። «የአንድ ደንበኛ አዲስ ሥራ ነው የተያዘብኝ። የልጄን ሁለት ቦታ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። እንደርስዎ ዝርክርክ አይደለሁም።»

«እንደሱ ከሆነ ጥሩ» አለ ቀስ ብሎ። «የራሴን ልገልብጥና ነገ ለሐኪሙ አደርስለታለሁ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ደጄ ላይ ተገትረሽ ደንበኛ እንዳታባርሪብኝ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ ዲስክ ላይ...»

«የዲስክዎን ታሪክ አልጠየቅኩም» አለችና ወጣች።

ዲስኩ በማግሥቱ ደረሰ። ሐኪሙ ደውሎ፣ «ይኼኛው ላይ የሚፈለግ ነገር አለ? ካለ ተጠንቅቄ ነው የምከፍተው፣ ጊዜ ይፈጃል» አላት። «የባላንጣ ዕቃ ነው፣ ገነጣጥለው!» አለችው።

ዓርብ ዕለት ሱቁ ስትደርስ ወንድሟም እዚያው ነበር። «ሬሳውንም ቢሆን መልሱልኝ» ብሎ መምጣቱ ነው፤ ጠብ እንዲህ ነው፣ የማይጠቅም ነገርም ያስቆጥራል። ሐኪሙ ሁለቱንም አላያቸውም፤ ጠረጴዛውን እያየ ነው የተናገረው። «ገጠምኩት። ጥቂት አነበበ። ከዚያ አዲሶቹም መርፌዎች ተሰበሩ። ሳህኑ ቀድሞ ተቧጥጧል፣ በሞተው መርፌ ደጋግመሽ ስላስነሳሽው።»

ኮምፒውተሩን አዞረላት። የወጣው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ስማቸውን እንኳ የማታስታውሳቸው ሙሽሮች እየተሳሳቁ ኬክ ይቆርጣሉ።

«ሌላስ?»

«በቃ።»

«የልጄስ?» አለች፤ ወንድሟ መኖሩን ረስታው ነበር።

«የልጅሽ?» ወንድሟ ዞሮ አያት። «ሁለት ቦታ አለኝ አላልሽም?»

«ዋሸሁ! ይበቃዎታል? ደስ ይበልዎ!»

ደስ አላለውም። ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እኔም ዋሽቻለሁ» አለ። «ያንቺን አላጠፋሁትም ነበር። ሁሉም እዚሁ ዲስክ ላይ ነበር።» እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ። የእሱ ዲስክ ተገነጣጥሎ ተቀምጧል፤ ሳህኖቹ ካንድ የብሎኖች ክምር ጋር ተደባልቀዋል፣ የጣት አሻራ ሞልቶባቸዋል።

«መልሰህ ግጠመው!» ብላ ሐኪሙ ላይ ጮኸች።

«ገነጣጥለው አልሽኝ እኮ። በእጄ ነው ያወጣኋቸው፣ ተቧጥጠዋል። እንግዲህ ይኼ ዲስክ ሳይሆን ብረት ነው።»

ያን ጊዜ ወንድሟ ላይ ዞረች፤ አንቱታው ጠፍቶባታል። «ለምን አልነገርከኝም? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? የልጄን ፊት ለካቻቢቴ ሰጠኸው!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ልናገር ስል ጥለሽኝ ወጣሽ! አላጠፋሁም ብልሽ ደግሞ ፍርድ ቤት ልትገትሪኝ ነው!»

ተሰዳደቡ። ከልጅነት ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንስተው ተሰዳደቡ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ እስኪያስወጣቸው ድረስ አላቆሙም፤ መንገድም ላይ ቀጠሉ።

ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ የእናቷን ወሬ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ዲስኩ ተበላሸ» አለች ሲያልቅ። «መንትያው ላይም ነበረ፣ እሱንም ቆረጣችሁት። ጎበዝ፣ በደንብ አስበሽበታል።» ወደ በሩ ዞረች።

«አጎትሽን ጠይቂው!» አለች መቀስ። ከአፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች።

ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ደወለች፤ እናቷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «አጎቴ፣ እናቴ ሕፃን ሆኜ ትቀርጸኝ ነበር?»

«ትቀርጽሽ ነበር ወይ?» አለ፤ ድምፁ ወዲያው ጋለ። «ባትሪዬን ስትጨርስብኝ ነው የኖረችው! ያንቺ መዳህ፣ ያንቺ ማስነጠስ፣ ገመድ አፍሽ ውስጥ ስትከቺ፣ ጠረጴዛ ሥር ስትተኚ። አንዴማ የሰው ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ስትገባ ካሜራዬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋብኝ። ለምን ቢሉ? ጧት አንቺ ጫማ ገልብጠሽ ስትጫሚ ስትቀርጽ አርፍዳ! ሰው ፊት ተዋርጃለሁ። እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም።»

ልጅቷ እናቷን ሳታይ፣ «ለሷ ብለህ ነው እንዲህ የምትለኝ?» አለችው።

«ለሷ ብዬ? ለእናትሽ ብዬ ውኃ አላቀብልም! ትናንት እንኳ የተናገረችኝን ብትሰሚ...» ማማረሩን ቀጠለ። ልጅቷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አመስግናው ዘጋች።

ቦርሳዋን አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። አልተቀመጠችም። «የምን ጫማ ነው?» አለች።

መቀስ ጫማውን ታስታውሳለች፤ ቀዩን፣ የአንዱ እግር ማሰሪያ የተበጠሰውን። ልትናገር አፏን ከፈተችና የልጇን ዓይን አየች።

«መልሰሽ ደውዪለት» አለቻት። «እሱ ይንገርሽ። እኔ ብነግርሽ አታምኚኝም።»