ሊማሊሞ ላይ የጎዘጎዝነው ቅጠል

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ ቴሌቪዥኑ መኪና ያሽቀዳድማል። አንድ ቀን ከነሌሊቱ የሚነዱበት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሹፌር ሲደክመው ሌላው ይተካዋል፣ መኪናው ግን አይተኛም። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አንድ ነገር ልል ስል አንደኛው ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ የኛ ዘመን ነገር ነው፣ አይገባህም» አለኝ።

ይህን የሚለው ለእኔ ነው። ጎንደር ውስጥ ከእኔ የበለጠ የመኪና ውድድር የተከታተለ ሰው ካለ ይምጣ፣ ሻዩን እኔ እጋብዛለሁ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከጭነት መኪና ኋላ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው። «አምላክ ይጠብቀን» የሚለውን በደንብ ካነበብኩ በኋላ ነው «ሀ» የት እንዳለች የፈለግኳት። መኪናው ገና ማክሰኝት ዳገት ላይ እያለ በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ እናገር ነበር። ጥቂት አጋንኜ ይሆናል፤ ብዙ ግን አይደለም።

እናም ለልጆቹ የማወራውን ሁሉ አወራሁላቸው፤ አቧራውን፣ ጭስ የቀላቀለውን ጉም፣ በራቸው ላይ ቁጥር የተቀባባቸውን መኪኖች። ሳቁልኝ። ግን ከዚያ ወሬ ውስጥ ሁልጊዜ የምዘልለው ክፍል አለ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ውድድሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ በባሕር ዳርና በማክሰኝት አድርጎ ጎንደር ይገባል። ነዳጅ ይቀዳና ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ በዛሪማና በአዲ አርቃይ አስመራ ይዘልቃል። ቀናት ይፈጃል። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው፤ ብስክሌት እጠግናለሁ፣ አከራያለሁ። ውድድሩ ሲደርስ ግን ሱቁን ዘግቼ እሱን መከተል ነበር ሥራዬ።

በዚያ ዓመት ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የኛው ሰው ነበር። አያ ድረስ ይባላል፤ ጎንደርና አስመራ መካከል እህል ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መኪና ሹፌር። ቀጭን ነው፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። የሊማሊሞን ኩርባዎች በስም ይጠራቸዋል። አንደኛዋን «አማቴ» ይላት ነበር፤ ምነው ሲሉት፣ ፊቷን ሳታሳየኝ ነው የምትቆጣው ይላል።

ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣልያን ጋራዥ ነበረው። እሱ ነው አንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና ፈታትቶ፣ ገጣጥሞ ለአያ ድረስ ያዘጋጀለት። ሁኔታው ግልጽ ነበር። አስመራ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ሆኖ ከገባ፣ ከጭነት መኪና ወርዶ የጋራዡ ቋሚ ተወዳዳሪ ይሆናል። ካልገባ ወደ እህሉ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ሱቄ መጥቶ የብስክሌት ጎማ ላይ ቁጭ አለና፣ እኔ ስለ ድሉ ስለፈልፍ ሲሰማ ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ጉረኛ፣ አርባ ሊሞላኝ ነው። ይቺ ካለፈችኝ ሌላ የለችም።»

እኔም ጭንቅ አይሁንብህ፣ እኔ አለሁልህ አልኩት። ምን ልሠራ እንዳለሁለት ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ውድድሩ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው አራት ሆነን በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ደባርቅ ሄድን። ሁዳዴ ነው፤ በሶና የገብስ ቆሎ ይዘናል። የበልግ ዝናብ ጀምሯል፣ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። በማግስቱ ጠዋት ከደባርቅ ትኩስ የገብስ ዳቦ ገዝተን፣ ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን እየሞቅነው ቁልቁል በእግር ወረድን። ጉሙ ከገደሉ እየተነሳ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ደግሞ ይገልጠዋል። «አማቴ» የተባለችው ኩርባ ላይ ቆምን። ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፤ መኪናው ከላይ በድንገት ይወጣል፣ ተጣጥፎ ይወርዳል።

አያ ድረስ ጎንደርን ሦስተኛ ሆኖ እንደለቀቀ ደባርቅ ላይ በስልክ የሰማ፣ ከኋላችን የመጣ ሰው ነገረን። ሦስተኛ! ልቤ አልቻለም። ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ቤቱም ደጁም ይጎዘጎዝ የለ? መንገዱን እንጎዝጉዝለት አልኩ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው አላሰበውም። የወይራና የአስታ ቅርንጫፍ ቆራርጠን ከኩርባዋ በላይ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አለበስነው። እርጥብ፣ ለምለም፣ ሲያዩት ደስ የሚል።

አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዳ ወደ ደባርቅ ገበያ ሲወጣ አጠገባችን ቆመ። ቅጠሉን አየ፣ ኩርባዋን አሻግሮ አየ።

«ምነው ልጆች፣ ማኪና ተሰብሯል?»

የጠየቀው ያለ ነገር አልነበረም። በዚያ መንገድ ጭነት መኪና ከኩርባ ጀርባ ተበላሽቶ ከቆመ፣ ሹፌሩ ቅጠል ቆርጦ መንገድ ላይ ይጥላል። ከኋላ የሚመጣው ቅጠሉን ሲያይ ፍሬን ይይዛል። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት የታየኝ ክብር ብቻ ነው።

«የተሰበረ የለም፣ አያ» አልኩት። «ይሄ የክብር ነው። ዛሬ የሚያልፈው የጎንደር ሰው ነው።»

«ሸጋ» አለ ሽማግሌው። «ለሚመጣውስ ማን ይነግረዋል?»

እኔም ክብርና ብልሽት የማይለይ ሹፌር ውድድር ምን ሊሠራ ይመጣል ብዬ መለስኩ። ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። በሕይወቴ ብዙ ቀልድ ቀልጃለሁ፤ እንደዚያ የተሳቀልኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ሽማግሌው አልሳቀም። አህያውን አስጠግቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው መኪና መጣ። ፈረንጅ ነው፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ምንጣፍ ሄደበት፣ ትንሽ ተንሸራተተ፣ አቃናና አለፈ። ጮህን፣ ዘለልን። ሁለተኛውም ፈረንጅ ነው፤ እሱም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው አለፈ። ሽማግሌውን ዞር ብዬ አየሁት፤ ፊቴ ላይ «አየህ?» የሚል ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ከዚያ የሦስተኛው ድምፅ ከላይ ተሰማ። አውቀዋለሁ፤ ያቺ ሞተር ስትነሳ ስንት ቀን ጋራዡ ደጅ ቆሜ ሰምቻታለሁ። «እሱ ነው» አልኩ። መኪናዋ ከጉሙ ወጣች። በመስተዋቱ ፊቱን አየሁት፤ እኛን አላየም። ያየው ቅጠሉን ነው።

በዚያ ቀን ካለፉት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ቅጠል ማንበብ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት የኖረበትን ነገር እግሩ ራሱ ሠራው፤ ፍሬን ያዘ። እርጥቡ ቅጠል ከጎማው ሥር አመለጠ። መኪናዋ በጎኗ ዞረች፣ ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር ተላተመች፣ ግማሽ አካሏ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመች። 

ጓደኞቼ ወደ መኪናዋ ሮጡ። እኔ ወደ ቅጠሉ ሮጥኩ። ለሌላው መኪና አስቤ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ቅርንጫፉን በእቅፍ በእቅፍ እየሰበሰብኩ ገደል ጣልኩት፤ ጉሙ ሸፈነኝ። መንገዱን ባዶ አድርጌ ስጨርስ ነው ወደ እሱ የሄድኩት።

መኪናዋ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው መካኒክ ግንባሩ ከመድማቱ በቀር ደህና ነው። አያ ድረስን ግን አውጥተው የሽማግሌው ጋቢ ላይ አስተኝተውታል። የቀኝ ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ሲያየኝ ለየኝ።

«ቅጠል ነበር» አለ። «መኪናው የታለ?»

«ጭነት መኪና ቆሞ ነበር» አልኩት። አፌ ከእኔ ቀደመ። «ተሠርቶ ሄደ።»

«ቅጠሉን ሳያነሳ?»

«ሳያነሳ።»

«ምን ዓይነት ሹፌር ነው?» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ጓደኞቼ መሬት መሬት አዩ። ሽማግሌው አየኝ። ጋቢውን ከዳር ይዞ ሌሎቹ እንዲያነሱ በአገጩ ጠቆመና ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ሰድቦኛል፣ አንዱም እንደዚያ ዓይን አልወጋኝም።

አያ ድረስ ጎንደር ሆስፒታል ብዙ ተኛ። ጉልበቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፈም፤ ውድድሩ ቀርቶ ጭነት መኪናውንም መንዳት አልቻለም። ዘመዶቹ ያሉበት ማክሰኝት ገባና መንገድ ዳር ጎማ መለጠፍ ጀመረ፤ ጎሚስታ ሆነ። መለጠፉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን መሣሪያ ከሱቄ ወስጄ የሰጠሁትም እኔ። ሰው ሁሉ ደግ ነህ አለኝ። እኔም አመሰገንኩ።

እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። የጭነት መኪና በቆመ ቁጥር አያ ድረስ ጎማውን እየፈታ ሹፌሩን ይጠይቃል፤ በዚያ ዓመት፣ በሁዳዴ፣ ሊማሊሞ ላይ ቆመህ ነበር? ቅጠል ጥለህ ነበር? አይ ይሉታል። ዓመት አለፈ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሹፌሮቹ አረጁ። በኋላ በኋላ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ሲመጡ ጥያቄውን ለወጠው፤ «አባትህ ሹፌር ነበር?» ይላቸዋል። በየጊዜው ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሁለት ሦስት ቀልድ ቀልጄ፣ ትከሻውን አስቄ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን አንድ ሽበታም ሹፌር ወደ መተማ ሲያልፍ ጎማው ተንፍሶ ቆመ። አያ ድረስ ያንኑ ጠየቀው። ሰውዬው ደክሞታል፤ ቆሜ ይሆናል አለ፤ ሊማሊሞ ላይ ያልተሰበርኩበት ዓመት የለም፣ ቅጠሉን አንዳንዴ አነሳለሁ፣ አንዳንዴ ዝናብ ሲሆን እተወዋለሁ።

አያ ድረስ እጁ ጎማው ላይ ቀረ። ሰውዬውን ለረጅም ጊዜ አየው። የሚመታው መስሎኝ ልነሳ ነበር። ከዚያ ጎማውን ለጥፎ፣ አጥብቆ፣ በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ማንሳት ነበረብህ» አለው። «በል ሂድ፣ በሰላም ግባ።»

እኔ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አይጠይቅም። መልኩም ተመልሷል፣ ከመጣው ሹፌር ጋር ይጫወታል። ብነግረው ያገኘውን ሰላም እወስድበታለሁ፤ ባልነግረው እኔ የምገባበት የለኝም። ከዚህ በፊት ዝም ያልኩት ስለምፈራ ነበር፤ አሁን ግን ለእሱ ብዬ ነው እላለሁ፤ የቱ እውነት እንደሆነ ከመሸ በኋላ ራሴን እጠይቃለሁ። ስንት ነገር የእኔ ነው ብዬ ጉራ ነዝቻለሁ። በእውነት የእኔ የነበረውን ይቅርታ ግን ያ ደክሞት የነበረ ሰውዬ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ወደ መተማ ይዞት ሄዷል።