ለድልድዩ የተከመረ ድንጋይ

የክልል ምክር ቤት ከገባሁ በሁለት ዓመቴ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት። እስከዚያ ድረስ ሥራዬ እጅ ማውጣት ነበር። ረቂቅ ይነበባል፣ አንድ ሁለት ሰው ምስጋናውን ያስረዝማል፣ ሰብሳቢው "የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ?" ይላል፣ ከዚያ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ሚዛን ስመለስ የሰፈር ሰው "ዛሬስ ምን ተናገርክ?" ይለኛል። "ደገፍኩ" እላለሁ። ሃያ ዓመት ጠመኔ ይዞ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ቅጣት ነው። አሁን ሳስበው ያን ቀን ያናገረኝ የሕዝብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ምላሴንም በልቶኝ ነበር።

የዕለቱ ረቂቅ አጭር ነው። ለመንገድ የተመደበ ገንዘብ ለፖሊስ ሥራ እንዳይውል ይከለክላል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ግሬደሩ ቆሞ ሣር ሲበቅልበት፣ የመንገዱ በጀት ለፓትሮል መኪና ነዳጅና ጎማ፣ ለፖሊሶች አበል ይሄዳል። ሕጉ ይህን በር ሊዘጋ ነው የመጣው። እንደ ልማዴ እጄን አውጥቼ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

የእናቴ ወንድም ከሚዛን ወጣ ብሎ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ቀበሌ ቡና ያለማል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለኝ ትልቅ ሰው እሱ ነው። ሽበቴን እያየ "አንተ ልጅ" ነው የሚለኝ። የምናወራውም በቤንችኛ ነው። አማርኛ አሳምሮ ይችላል፤ ግን የሚያወጣው ለቢሮ፣ ለፍርድ ቤትና ለተቀየመው ሰው ነው።

ያ ወንዝ በበጋ ሕፃናት ይራጩበታል። ዝናቡ ሲጠና ግን ማዶውን ከአገር ይቆርጠዋል። ቀይ እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ይበላሻል። ስለዚህ የማዶ ሰው፣ ቡናው እንዲያ አምሮ እያለ፣ አድርቆ በጀንፈሉ፣ ከነገለባው፣ በርካሽ ይሸጠዋል። ረቂቁ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ጥር ለአጎቴ የምሥራች ይዤለት ሄድኩ፦ ድንጋዩን ሕዝቡ ካቀረበ ሲሚንቶና ብረቱ ከመንገድ በጀት ይመጣል። ወረዳው የነገረኝ እንደዚያ ነው፤ አልዋሸሁም። አጎቴ ቤት ለቤት ዞሮ በራሱ ስም ቃል ገባ። ሰዎቹ መንግሥትን ሳይሆን እሱን አምነው ተነሡ።

እዚያ ድንጋይ ሲዋጣ በአንድ ላይ አይከመርም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ለብቻው ይደረድራል፣ ማን እንዳመጣና ማን እንደቀረ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። የማዶው ዳርቻ በክምር ሞላ። የእናቴ አገር ነውና እኔም አንድ ቅዳሜ ቆዳ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወርጄ የአቅሜን ተሸከምኩ። ከአጎቴ ክምር ጎን ደረደርኩት። አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ክምሬን ዞራ አየችውና "ይኼማ ለገበጣ መጫወቻ ነው!" ብላ ሴቶቹን ሁሉ አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቂቁ ሊቀርብ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከቴፒ ቡና ጭኖ የመጣ መኪና ጫካ ውስጥ ተዘረፈ። በማግሥቱ የከተማው ነጋዴዎች ቤቴ መጡ። ፖሊስ ነዳጅ የለኝም ይላል፣ ቡናችን በምን ይጠበቅ አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አጎቴን ገበያ ላይ አግኝቼ ይህን አጫወትኩት።

"ፖሊስ በመንገድ ይመጣል እንጂ መንገድ በፖሊስ አይመጣም። አንተ ልጅ፣ ይኼን ንገራቸው" አለኝ።

ሳቅሁበት። የገጠር ሰው ነገር አድርጌ ወሰድኩት። ከዚያ ምክር ቤት ሄጄ የነጋዴዎቹን ሐሳብ ተናገርኩ። ሕጉ መልካም ነው፣ ነገር ግን በቡና መኸር ወቅት የፀጥታ ችግር ሲያጋጥም ገንዘቡ ለጊዜው ለፖሊስ እንዲውል፣ በኋላም እንዲተካ ይፈቀድ አልኩ። የኛን አገር ጫካ፣ የሹፌሮቹን ስጋት፣ የአርሶ አደሩን ላብ እያነሣሁ አስረዘምኩት። ተጨበጨበልኝ። ሰብሳቢው "ይህ ከመሬት የመጣ ሐሳብ ነው" አለ። አንድ አንቀጽ ሆኖ ገባ፣ በሙሉ ድምፅም ጸደቀ። ወደ ሚዛን ስመለስ መንገዱን ሙሉ ንግግሬን በልቤ እየደገምኩት ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መኸሩ አለቀ ብዬ ስለ ሲሚንቶው ልጠይቅ ወረዳ ገባሁ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። "ጋሼ፣ ቡናው ተለቀመ፤ መድረቁስ? መጫኑስ? መኸሩ ገና ምኑ አለቀና!" አለኝ። አንቀጹን አውጥቶ አነበበልኝ። ቃሉ የራሴ ነው። የዚያ ዓመት የመንገድ በጀት ሞተር ለተቀየረለት የፖሊስ ፒካፕና ለነዳጁ ዋለ። ማዶ ያለው ድንጋይ ሽበት አወጣ። ለአጎቴ "በቅርቡ ነው" አልኩት። ይህኛው ውሸት ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ እንደጠና፣ አጎቴ ደወለ። ያቺ በክምሬ የሳቀችብኝ ሴት እዚያው ማዶ ገበያ ውላ ስትመለስ ዋጋ እስኪወጣ ብላ ያቆየችውን ጀንፈል በሙሉ ሌባ ወስዶባታል። ሌቦቹ ተሸክመው ገና በጫካው መንገድ ላይ ናቸው፣ የታዩበት ቦታ ይታወቃል። "ያ መኪናህ የታለ?" አለኝ። መኪናህ ነው ያለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ። እውነቱን ለመናገር አላቅማሙም፤ ወዲያው ተነሥተን ሄድን፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ። ሞተሩ እንደ አዲስ ይሠራል።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቷል። ሹፌሩ አቆመ። አንድ ወጣት ፖሊስ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ውኃው ደረቱ ሲደርስ ጓደኞቹ ጎትተው አወጡት። አለቃቸው ወዲያና ወዲህ ካየ በኋላ ወደኔ ዞሮ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣

"ጋሼ፣ ድልድዩ የት ነው?" አለኝ።

ማዶ ያለውን ድንጋይ በጣቴ አሳየሁት። ከድንጋዩ ኋላ ሰዎቹ ቆመዋል። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በእጇ ወደ ጫካው ታመለክታለች፤ የምትለው ግን በውኃው ድምፅ አይሰማም። አጎቴ አጠገቧ ነበር። እኔን ብቻ ነበር የሚያየው። መኪናው ዞረ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ከዚያ በፊት አላውቅም።

በሚቀጥለው ስብሰባ አንቀጹ ይውጣ ብዬ ተነሣሁ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ "ሐሳቡን ያመጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። በሌላ ጊዜ እንደሚታይ ተነግሮኝ ተቀመጥኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ወንዙ ጎደል ሲል ሱሪዬን ጠቅልዬ ተሻገርኩ። አጎቴ ዳርቻው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ክምር የቀረው ሁለት ነበር። መጀመሪያ ድንጋይዋን የወሰደችው ያቺ ሴት ናት፤ ለጎተራዋ መሠረት፣ ሌባ በቀላሉ እንዳይፈለፍለው። እሷን ማን ይከለክላታል? ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እየወሰዱ አጎቴን ሰላም እንኳ አላሉትም። ተሸክመው ሄዱ። ዱሮ በክርክር መሐል "እሱ ይናገር" ይሉት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

የቀሩት የእሱና የእኔ ክምሮች ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼው በቤንችኛ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀልድ ቢጤም ጨመርኩ፣ የገበጣ ድንጋዬን እንኳ የሚፈልግ ጠፋ አልኩት።

ብድግ ብሎ ቆመ። በአማርኛ መለሰልኝ።

"የእርስዎን የማይነኩት ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ የመንግሥት ነው ብለው ነው" አለኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከራሱ ክምር አንድ ድንጋይ አነሣና ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።