ደፍ ላይ የቀረ እግር

መጀመሪያ ያነሰው የእጅ ጽሑፌ ነው። ጅቡቲ ወደብ ትራንዚተር ሆኜ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በየፋይሉ ጀርባ ስለ ኮንቴይነሩ ማስታወሻ መጻፍ ልማዴ ነበር። አንድ ሰሞን መስመሩ በደህና ፊደል ይጀምርና ጫፍ ሲደርስ ጉንዳን ያህላል። ባልደረቦቼ «ቀለም ተወደደ እንዴ?» እያሉ ቀለዱብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መነጽርም ቀየርኩ። ቀጥሎ የሸሚዜ ቁልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ስራመድ ቀኝ እጄ አልወዛወዝ ብሎ ጎኔ ላይ ተለጠፈ። ሁሉንም በዕድሜ አሳበብኩ።

ሐኪም ቤት በግድ የወሰደችኝ ባለቤቴ ወይንሸት ናት። የነርቭ ስፔሻሊስቱ ጣቴን አስቆጠረኝ፣ ኮሪደሩ ላይ አስኬደኝ፣ አዙሮ መለሰኝ። ከዚያ በፈረንሳይኛ ነገረኝ፤ ቋንቋውን ባላውቅ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ፓርኪንሰን ነው። አይድንም፤ ግን አብረውት በደህና ሊኖሩ ይችላሉ። የሥራው ግማሽ የእኔ ነው፣ ግማሹ የእርስዎ።»

ሌቮዶፓ የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ። በቀን አራት ጊዜ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ።

ወጣን። ታክሲ ያዝን። ካርቲየ 1 ሰፈር፣ ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ወይንሸት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ደክሞኝ ነበር።

ኪኒኑ ረዳኝ። ቁልፌን ቆለፍኩ፣ እጄም ተፈታ። ችግሩን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ እስክወጣ ድረስ ምንም ወደ አፌ አላስገባም ብዬ የጠዋቱን ኪኒን ማስቀረት ጀመርኩ። ሐኪሙን አልጠየቅሁም። የነፍስ አባቴንም አልጠየቅሁም። ማንን ልጠይቅ፣ ሁሉን አውቅ የለ!

አንድ እሑድ ጫማዬን አውልቄ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረስኩ። ደፉ ላይ እግሬ ቆመ። እኔ መግባት እፈልጋለሁ። እግሬ አልነሣም አለ። ወለሉ ላይ የተሰፋ ይመስል ነበር። ከኋላዬ ሰው ተጠራቀመ። አንዱ ገፋኝ። ወደቅሁ።

በሚቀጥለው እሑድም ያው ሆነ። በሦስተኛውም። ሹክሹክታ ተጀመረ፦ «በሥራ ቀን ደህና ሆኖ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርስ የሚይዝ ምን ዓይነት ሕመም ነው?» መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንፈስ ነው። እሑድ ጠዋት የመታጠቢያ ቤታችን በርም ይይዘኝ ነበር፤ ግን እዚያ የሚያየኝ ሰው የለም።

ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። አገር ቤት ያለ ጠበል ጠቆሙን። ወይንሸትም ቀስ በቀስ አመነቻቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ የኪኒን ብልቃጤን ከጠረጴዛው አነሣችና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። «ይሄ ነው ያባሰብህ። ተወውና ጠበል እንሂድ» አለችኝ። ዐይኔን አላየችኝም። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ፈራችኝ። ከበሽታው ሁሉ እሱ ነው የሰበረኝ። ይባስ ብሎ እኔም ግማሽ ልቤ አመነ።

ለመንገዱ ቡራኬ ልንቀበል ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን። አባ ቡራኬውን ትተው «መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የምትወስደው?» አሉኝ። የእሑዱን ነገር ተናዘዝኩ። ተቆጡ።

«ማን አስቀር አለህ? ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ሌላ ነው። ጠበሉንም ትጠመቃለህ፣ ኪኒኑንም በሰዓቱ ትውጣለህ። አሁን ሂድና ለሐኪምህም ይህንኑ ንገረው።»

ወይንሸት እዚያው ብልቃጡን ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችኝ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «እግር በር ላይ መያዙ የበሽታው ጠባይ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቀር ደግሞ ይብሳል» ብሎ እዚህ «ኪኔ» ወደምንላት የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ላከኝ። ፋዱማ ትባላለች። ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፋ፣ እግሬ ሲያዝ ከመታገል ይልቅ ቆሜ እንድተነፍስ፣ ክብደቴን ወደ አንድ ጎን እንዳደርግና መስመሩን በትልቁ እንድሻገር ወራት ሙሉ አለማመደችኝ፤ መስመር በሌለበት ቦታ የምታደርገውን ደግሞ ለወይንሸት አሳየቻት። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ሳይነሣ በማለዳ እንራመዳለን፤ ስመለስ በሽታው ድምፄን እንዳያሳንሰው ዳዊቴን ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ የከሰዓት ጫቴን ትቼ እተኛለሁ፣ ሽሮውንም ዓሣውንም ከኪኒኑ አርቄ እበላለሁ፣ በየቀኑም አንድ ገጽ በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ።

አንድ እሑድ ኪኒኔን በአሥራ ሁለት ሰዓት ውጬ ሄድኩ። ደፉ ላይ እግሬ እንደገና ተያዘ። ወይንሸት ባዶ እግሯን ከእግሬ ፊት አጋድማ ዘረጋች። «ኧረ ልትጥዪው ነው!» አለች አንዲት ሴት። ተነፈስኩ። የሚስቴን እግር ተሻግሬ ገባሁ።

ይህን የምጽፈው የዚህን በሽታ ስም ትናንት ለሰማ ሰው ነው። ኪኒንህን በገዛ ሥልጣንህ አታስቀር፤ ጾምም ጠበልም ካለህ ለሐኪምህም ለነፍስ አባትህም ንገር። የእንቅስቃሴ ባለሙያ ፈልግ። አልዋሽህም፣ ይደክምሃል፤ እኔ ዛሬም ደክሞኛል፣ የኪኒኑ ኃይል ከሰዓቱ በፊት የሚያልቅብኝና ወንበሬ ላይ ተጎልቼ የምውልባቸው ቀናት አሉ። ሐኪሜን፣ ፋዱማንና አባን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወይንሸትን በምን ቃል እንደማመሰግን ግን አላውቅም። እሑድ እሑድ አሁንም እግሯን ትዘረጋልኛለች። አንዳንዴ አሳንሼ እራመድና እረግጣታለሁ።

«ግድ የለም» ትለኛለች፣ «ገብተሃል።»