ያለ ዘፈን የተቀዳው

አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸተው የሱፍና የቀለም ሽታ እስከ ዛሬ ደረቴን ይይዘኛል። ባለፈው ሳምንት ልጄ አንድ ገዝታልኝ መጣች፤ ገና ስትዘረጋው ነጠላዬን ሰብስቤ ተከናነብኩ። «ምነው እማ፣ በረደሽ?» አለችኝ። አልበረደኝም።

በደርግ ጊዜ ነው። መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ የሱቁን የኋላ መጋዘን ለሙዚቃ ባንዳችን ሰጥቶን ካሴት እንቀዳበት ነበር። ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ስለተደረደረ የተሸካሚዎቹ ጩኸትና የመኪናው ጥሩምባ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነበር የሚመስለው። እኔ የሃያ ዓመት ዘፋኝ ነበርኩ።

መሪያችን ድራመሩ ነበር። ድራም የተማረው ወታደር ቤት ነው። ማርሽ ሲመታ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፤ ችክችካ ሲይዝ መጋዘኑ ሠርግ ቤት ይሆናል፤ ጃዝ ሲጫወት ደግሞ በብሩሹ የድራሙን ቆዳ እያሻሸ ካፊያ ያወርዳል። ኃይለኛም ነበር። አንዳችን ግማሽ ምት ከዘገየን የድራም መምቻ ዱላውን ያነሳና «ከመጀመሪያው!» ይለናል። በኋላ ሻይ የሚያዝልንም እሱ ነው።

ሰው ጠዋት ወጥቶ የማይመለስበት፣ ተማሪ መሆን ብቻ የሚያስጠረጥርበት ዘመን ነበር። አሁንም ይህን ስነግርህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ልብ ብለሃል?

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዘፈኖች የምንቀዳ ቀን መሪያችን ዘገየ። ዘግይቶ አያውቅም። ሸሚዙ እንደ ሁልጊዜው ተተኩሷል፤ ጫማው ግን ጭቃ በጭቃ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ቆየህ?» አልኩት።

«እንጀምር» አለ።

ሁለቱንም ሳያስቆመን ጨረስን። ሳክስፎን ተጫዋቹ ሁለተኛው ላይ ስቶ ነበር፤ መሪያችን ግን «ከመጀመሪያው!» አላለም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ቀጂውን «ቴፑን አታጥፋው» አለው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ አትዝፈኚ። ማይክሮፎኑን ወደዚህ አምጪው» አለኝ።

ብቻውን ጀመረ። መጀመሪያ በብሩሽ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ፣ ትልቁን ድራም በእግሩ እየረገጠ፣ እየከበደ ሄደ። ማርሽ አይደለም፤ ጃዝም አይደለም። ቤዝ ተጫዋቹ ሊከተለው ጣቱን አነሳና መልሶ አወረደው። አያቴ የሞተ ዕለት ሴቶቹ ግቢያችን ውስጥ ደረታቸውን የደቁት እንዲህ ነበር። ለቅሶ ነው የሚመታው።

ሲጨርስ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ወንድሜን ዛሬ ጠዋት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ተጥሎ አገኘሁት።»

ሳክስፎን ተጫዋቹ አልገባውም። «ታሞ ነው? ለምን አላነሳኸውም?»

«ጥይቱ ደረቱ ላይ ነው። ማንሳት አይቻልም አሉኝ። ማልቀስም አይቻልም። ከቤታችሁ ድምፅ እንዳይሰማ አሉ።»

ልጁን እናውቀዋለን። ታናሹ ነው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ተቀምጦ ሲያዳምጠን ሳል ይዞት፣ በእሱ ሰበብ አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ደግመን ስቀን ነበር።

 ልጮህ አፌን ስከፍት ባለሱቁ ሮጦ መጥቶ በመዳፉ አፈነኝ። «እባክሽ እህቴ፣ በር ላይ ሰው አለ።» መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። መጮህ እንደማልችል ሲገባኝ በልጁ ሞት የደነገጥኩትን ያህል ደነገጥኩ።

ያ ሙዚቃ ካሴቱ ላይ አልወጣም፤ መሪያችን ከለከለ። በሳምንቱ ግን እናቱን ይዞ መጣ። ጥቁር አልለበሱም፤ ያም ክልክል ነበር። ባለሱቁ በሩን ዘጋ፤ እኔ ቴፑን ከፈትኩ። እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው፣ ድራሙ ከፍ ሲል ትከሻቸው እየተናጠ፣ ዝቅ ሲል አየር እየሳቡ አለቀሱ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ምቱ አለቀ። ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ፣ ፊታቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ካላስቸገርኩሽ አንዴ ድገሚልኝ» አሉኝ።