ቁልፍ ያለው የመድኃኒት ሳጥን

ዓረብ አገር፣ ባያን በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት መድኃኒት የሚቀመጠው ቁልፍ ባለው ሳጥን ነበር። ቁልፉ ከማዳም ቦርሳ አይወጣም። ራሴን ሲያመኝ አንዲት ኪኒን ከማሸጊያዋ ፈልቅቃ መዳፌ ላይ ታስቀምጥና፣ በውሃ እንድውጣት፣ እንዳላኝካት፣ ጮክ ብላ ቀስ እያለች ታስረዳኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። የፋርማሲ ዲግሪዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ሥር ተኝቷል። የላከኝ ኤጀንሲ ስምንተኛ ክፍል ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔም አላረምኩትም።

ትምህርቱ ከጭንቅላቴ ተንኖ ሳያልቅ ብዬ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከትኩ። ሁለት ጊዜ አልተቀበሉኝም። ሦስተኛው ካልተሳካ ኮንትራቴን አድሼ ነገሩን ልረሳው ወስኛለሁ። የመረጥኩት የመድኃኒት ቅመማን ነው፤ ላብራቶሪ አለው፣ ነጭ ጋዋን ያስለብሳል።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነበር። ካውያ ክፍል ገብቼ ስልኩን የስታርች ጣሳ ላይ አስደገፍኩት። ከላይ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከታች ሽርጥ ለብሻለሁ። የሸመደድኩትን ሳነበንብ ከሦስቱ መምህራን አንደኛው ሲያዛጉ በደንብ ይታየኛል።

በዚህ መሀል ማዳም በሩን በርግዳ ገባች። የስኳር መርፌዋን መኪና ውስጥ ረስታው ውላለች፤ ፍሪጅ ከገባ ወደ ደህናው ይመለሳል ባይ ናት። ጊዜው ነሐሴ ነው፣ መኪናው እንደ ምድጃ ግሏል። ስልኩን ጭራሽ ረሳሁት። ስንት ሰዓት ቆየ? ፀሐይ ነክቶታል? ከዚህ በፊትስ እንዲህ አድርገሽው ስኳርሽ አልወርድ ብሎ ያውቃል? እያልኩ በዓረብኛ አፋጠጥኳት። ባለፈው ወርም ረስታው እንደነበር፣ እህቷም እንደዚሁ እንደምታደርግ ለፈለፈች። ይጣል፣ አዲስ ይምጣ አልኳትና መርፌውን ተቀበልኳት።

ስዞር ያዛጉት መምህር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ምን እንደተባባልን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መድኃኒት ሰው ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚደርስበት የሚያጠና ዘርፍ እንዳላቸው ነግረውኝ፣ እሱን ለምን እንዳልመረጥኩ ጠየቁ።

"ጥናት መሆኑን አላወቅኩም" አልኳቸው። "የቤት ሥራዬ መስሎኝ ነበር።"

በዚያ ዘርፍ ተቀበሉኝ።

ለማዳም ስነግራት ዲግሪውን አስመጥታ እያገላበጠች አየችው። ከዚያ ሄዳ ሳጥኑን ከነቁልፉ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ ሳትሄጂ ለይልኝ አለች። ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ቀናቸውን እያየሁ ለየሁ። ግማሹ ጊዜው አልፎበታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እሺ እያልኩ የዋጥኩት የራስ ምታት ኪኒንም ጭምር።